ለእንግዳ የተለቀቀው ሚህራብ

ሸህ መኪና መጋቢት ዘጠኝ ቀን፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የቆሙበትን የኢማም ቦታ በገዛ እጃቸው ለአንድ እንግዳ ለቀቁ። ያስገደዳቸውም የለመናቸውም አልነበረም። የእንግዳውን ትከሻ ይዘው ወደ ሚህራቡ፣ ማለትም ኢማሙ ከሕዝቡ ፊት ቆሞ ወደሚያሰግድበት ቦታ፣ ራሳቸው አቀረቡት። ከዚያ በኋላ የደረሰው ሁሉ የዚህች አንዲት ድርጊት ልጅ ስለሆነ ታሪኩን ከእርሷ መጀመር ይገባል።

ቅጽል ስማቸው የወጣው ከሥራቸው ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናሉ። ሱቃቸው ወርዱ ሁለት፣ ቁመቱ ሦስት እርምጃ ነው፤ ሁለት ደንበኞች አብረው ከመጡ አንደኛው ደጅ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። በግድግዳው ላይ ያረጁ ቺንጋዎች በምስማር ተንጠልጥለዋል። በጠረጴዛው ላይ የተፈታታ የመኪና ራስ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ትልቅና ትንሽ ካቻቢቴ፣ እንዲሁም መርፌዎች የተሰኩበት ደረቅ ሳሙና ይታያሉ። ልብስ ሰፊ መጥቶ «መኪናዬ ክር ይበጥሳል» ሲላቸው ወዲያው አይፈቱም። ዓይናቸውን ጨፍነው መንኮራኩሩን ያዞሩና ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ከዚያም «ክሩን አትውቀስ፤ የጎበጠው መርፌህ ነው» ይላሉ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ እጃቸውን በሳሙና ሦስት ጊዜ ፈትገው፣ ሱቁን ለጎረቤታቸው ለሰዓት ሠሪው አደራ ብለው፣ መንገዱን ተሻግረው ያሰግዱ ነበር። በጥፍራቸው ሥር የሚቀረው ጥቁር ዘይት ግን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሙልጭ ብሎ አልወጣም።

እንግዳው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር። አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዞ ከሩቅ ከተማ መጥቶ፣ በዚያ ዓርብ ረፋድ ላይ በመስጊዱ ጥግ ተቀምጦ ቁርኣን ያነብ ጀመር። ውዱእ፣ የሶላት ትጥበት፣ የሚያደርጉ ሰዎች ውኃውን ሳይዘጉ ቆመው አዳመጡት። ግራ ቀኙን በስድብ የሚያስጨንቀው ግንበኛ ሳይቀር ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ሸህ መኪና በበኩላቸው ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቻቸው ከወለቁ ወዲህ አንዳንድ ፊደላት እየሾለኩ ያሳፍሯቸው ነበር። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ከተሰበሰቡት መካከል ቁርኣንን ከሁሉ አሳምሮ የሚያነብ ሰው ያሰግዳል። ስለዚህ ደንቡን አከበሩ።

ከሶላቱ በኋላ ሰዓት ሠሪው እየሳቀ ጠጋ አላቸው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ስለሆኑ አንተ ይባባላሉ።

«ሃያ ሁለት ዓመት የተያዘ ሥልጣን እንዲህ በአንድ ግፊያ ይለቀቃል?»

«ሥልጣን አይደለም፤ አደራ ነው።»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማህም?»

«ከዚያ ምን ይበላል? ምንጣፉን?»

ስሕተታቸው የክፉ ሰው ስሕተት አልነበረም። ደንብ አክባሪ ሰው ብቻ ሊሳሳተው የሚችል ስሕተት ነበር። በቀደመው ዘመን ቁርኣንን ከሁሉ አሳምሮ የሚያነብ ሰው ትርጓሜውንም ከሁሉ አጥልቆ የሚያውቅ ነበርና ንባብና ዕውቀት ተለያይተው አይታዩም ነበር። ሸህ መኪና ግን ድምፁን ሰሙ፤ ዕውቀቱን አልጠየቁም። መኪናን በድምፁ መመርመር የለመደ ሰው፣ ሰውንም በድምፁ መዘነው።

እንግዳው አልሄደም። ሰዎች ቁርኣንን አሳምሮ የሚያነብ ለማለት «ቃሪው» ይሉት ጀመር፤ ማደሪያም ሰጡት፤ የኢማምነቱም ቦታ በእርሱ ጸና። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ስብከቱ ስለ ንጽሕናና ስለ ትክክለኛ ሚዛን ስለነበር የሚቃወመው አልተገኘም። በሦስተኛው ወር የሌላ እምነት ጎረቤትን ቀድሞ ሰላም ማለት ነውር እንደሆነ ተናገረ። ሸህ መኪና ከሕዝብ ለይተው፣ ለብቻው፣ በለሰለሰ ቃል መከሩት። «አላህ ይስጥልኝ፣ አባባ» አለና በሚቀጥለው ዓርብ የባሰውን ጨመረ። ልጃገረዶች ከፍ ያለ ትምህርት እንዳይማሩ አለ። በመንግሥት ሕግ የሚዳኝ ሁሉ ከእምነቱ ወጥቷል አለ። የፊተኛውን ረድፍ ሠላሳ ያህል ጎልማሶች ያዙት፤ ሽማግሌዎች ወደ ኋላ ተገፉ። ሸህ መኪና «ጉባኤን መከፋፈል ከመጥፎ ኢማም ይከፋል» ብለው ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ከገዛ ትምህርታቸው በላይ የሚሄዱበት መንገድ አጡ። ዝም ብሎ መስማት እርሱን ማጽደቅ ሆነባቸው፤ ተለይቶ መውጣት ደግሞ ቤቱን ማፍረስ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

በዚህ ጊዜ ሸህ መኪና ሚስታቸው ከሞተች አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚኖሩት በሴት ልጃቸው ግቢ ነው፤ ክፍላቸው ከልጃቸው መኝታ ቤት ጋር በአንዲት ስስ ግድግዳ ይገናኛል። ልጃቸው በጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ባሏ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይሠራል። ዝምተኛ፣ ጫማውን ሁለት ጊዜ ሳይጠርግ ቤት የማይገባ፣ ሶላቱን የማያስታጉል ሰው ነው። የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ማለዳ ማለዳ ግድግዳውን እየደበደበች አያቷን ትቀሰቅሳለች።

አንድ ሰኞ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ቃሪው ሁለት ጎልማሶች አስከትሎ ወደ ሱቁ መጣ። ሁለቱ በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲቆሙ ሱቁ ጨለመ።

«አባባ፣ አላህ ሥራዎን ይባርክ።»

«አሚን፣ ልጄ። ግባ፣ ተቀመጥ። ሰዎችህን ግን ከብርሃኔ ላይ አንሣልኝ፤ መርፌ እያስገባሁ ነው።»

ሰዎቹ አልተነሡም።

«የመጣሁት ስለ ልጅዎ ባል ነው» አለ ቃሪው። «ፍርድ ቤት ይጽፋል።»

«ሲጽፍ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ዛሬ ነው የሰማኸው?»

«ሰው ባወጣው ሕግ የተፈረደውን በእጁ ይጽፋል፣ ማኅተም ይመታበታል። እንዲህ ያለ ሰው ካፊር ነው። ካፊር የሙስሊም ሴት ባል አይሆንም። ስለዚህ የጋብቻው ኒካሕ ፈርሷል፤ ልጅዎ ከእርሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደሯ ዝሙት ነው።»

ሸህ መኪና ካቻቢቴውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«በሶላት ከኋላህ የሚቆም ሰው ነው። ጠርተህ ጠይቀኸዋል?»

«ሥራው ይናገራል።»

«ሥራው የሚለውን እኔ ልንገርህ። አባት የሞተባቸው ልጆች በአጎቶቻቸው እንዳይነጠቁ ስማቸውን መዝግቦ ይይዛል። ይህ ክሕደት ከሆነ እምነት የምትለውን አላውቀውም።»

«አባባ፣ ሽማግሌ ነዎትና አከብርዎታለሁ። እስከ ዓርብ ሥራውን ይተው፣ ወይም እርስዎ ልጅዎን ይዘው ይውጡ። ሁለቱም ካልሆነ ዓርብ በምንባሩ ላይ ለስብከት ቆሜ ስሙን እጠራለሁ። እርሱን ካፊር አይደለም የሚልም ካፊር ነው።»

«ለዚህ ማን ሾመህ?»

ቃሪው ፈገግ አለ። «እርስዎ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ትከሻዬን ይዘው ያቆሙኝ እርስዎ ነዎት። ያን ቀን ለአላህ ታዝዘው ነበር ወይስ ሕዝቡን አታልለው?»

ሸህ መኪና ካቻቢቴውን መልሰው አነሡ። ሦስቱ ከወጡ በኋላ ሰዓት ሠሪው አንገቱን አሰገገ።

«ሄዱልህ? ሱቅህ አራት ሰው መያዙን ዛሬ ገና አወቅሁ።»

«አልያዘም። ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር።»

«ምን አሉህ?»

ሲነግሩት ሰዓት ሠሪው ሳቁን ዋጠ። «እንግዲህ» አለ፣ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። አንተ ግን ቀዳዳ ብቻ አልቀደድክም፤ በሩን ወለል አድርገህ ነው የከፈትክለት።»

ወዳጅ የሚወጋው እንዲህ ነው፤ እውነት ስለሚናገር።

ማታ ቤት ሲገቡ ነገሩ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። ልጃቸው የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ በወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ባሏ ቆሞ አንድ ደብዳቤ ይዟል።

«አባ» አለች ልጃቸው፣ «ዛሬ ምጥ ላይ ያለች ሴት እጄን ገፍታ ጣለች። ‘በዝሙት የምትኖሪ ሴት ልጄን አትነኪም’ አለችኝ። አምና መንታ ያዋለድኳት ናት እኮ! ያ ቃሪ የምትሉት ሰው…»

«ቁርኣን አንባቢ ነው፣ ልጄ፤ ስሙን…»

«ቃሪያ ነው እንጂ ምን ቃሪ ነው! ያቃጥላል፣ አያጠግብም።»

ባሏ ሳይስቅ ደብዳቤውን ወደ አማቱ ዘረጋ። የዝውውር ጥያቄ ነበር፤ ወደ ሌላ ከተማ፣ የሁለት ቀን መንገድ። ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

«አባባ፣ ጋብቻችን በመዝገብ ላይ ነው፤ ማንም በምንባር ላይ ጮኾ አያፈርሰውም» አለ። «መዝገቡ የእገሌ ሃይማኖት፣ የእገሌ ወገን ብሎ አይለይም፤ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን መዝገብ ሚስቴን ጤና ጣቢያ ድረስ አይሸኛትም። ልጄንም በመንገድ ላይ ከስድብ አያስጥላትም። ዓርብ ስሜ ተጠርቶ ሰው ሁሉ ዝም ካለ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንሄዳለን።»

«እኔስ?»

«ከእኛ ጋር ይምጡ።»

«ሱቄን ተሸክሜ?»

ሸህ መኪና ወደ ክፍላቸው ገብተው ጀርባቸውን በስሷ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ከግድግዳው ማዶ ልጃቸው ድምፅ ሳታሰማ ስታለቅስ ይሰማቸዋል፤ ድምፅ የሌለው ልቅሶ የሚሰማው በአፍንጫ መሳብ ነውና። ቅዳሜ ያ ግድግዳ ባዶ ቤት ይዞ ይቀራል። በደንብ ያሳደጓትን ልጅ፣ በደንብ የለቀቁት ቦታ ሊያሳጣቸው ነው።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ በሌላው ወገን ተያዙ። የሰፈሩ የጸጥታ ሹም፣ ጫማው የሚያበራ ጎልማሳ፣ በመኪና የተተየበ ወረቀት ይዞ ወደ ሱቁ መጣ።

«እዚህች ላይ ይፈርሙልኝ፤ ሌላውን ለኛ ይተውት። ቃሪው ሕዝብን ያሳምፃል ይላል ወረቀቱ። ነገ ጎሕ ሳይቀድ እንወስደዋለን።»

«መስጊዱስ?»

«ነገሩ እስኪጣራ ይታሸጋል።»

«ስንት ቀን?»

«እስኪጣራ ነዋ፣ ሸሁ።»

ሸህ መኪና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና በአንድ ጣታቸው ወደ እርሱ ገፉት። የዘይት ጥላሸት በጠርዙ ላይ ቀረ።

«ብታሽገው እርሱ ሰማዕት ይሆናል፣ እኛ ከዳተኛ። ዛሬ ሠላሳ ሰው ነው የሚከተለው፤ ነገ ሦስት መቶ ይሆናል። የሰው ደም ይፍሰስ ካለ እኔው ራሴ እየሮጥኩ እመጣለሁ፣ ያን ጊዜ ሥራህ ነው። መንግሥት የሁሉንም ደጅ ይጠብቅ፤ የኔንም፣ የማያምነውንም፣ በሌላ የሚያምነውንም። ምንባር ላይ ግን አይውጣ። እሱ የኛ ሥራ ነው።»

«ሥራችሁ ከሆነ ስምንት ወር ሙሉ ለምን አልሠራችሁትም?»

ሹሙ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከመውጣቱ በፊት ዞር አለ። «እንግዲህ ዓርብ የሆነ ነገር ቢደርስ ‘የመንግሥት ያለህ’ እንዳይሉ።»

በአንድ ሳምንት ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በሃይማኖት ስም፣ ሌላው በሕግ ስም፣ ያንኑ ሁለት በሦስት የሆነ ሱቅ አጥብበውባቸው ሄዱ። ልብ ያለው ሰው ልብ ይበል፦ ሁለቱም የፈለጉት የሸህ መኪናን አፍ ሳይሆን ፊርማቸውንና ዝምታቸውን ነበር።

ዓርብ ደረሰ። የልጃቸው ባል ሸሚዙን ተኩሶ ለበሰ። «ከቀረሁ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው» ብሎ ከአማቱ ጋር አብሮ ወጣ። ልጃቸው በበሩ ላይ ቆማ፣ ሻንጣ ከጀርባዋ እየታየ፣ «አባ» ብቻ አለች።

መስጊዱ ጢም ብሎ ነበር። ባልየው በሦስተኛው ረድፍ ሲቀመጥ በግራና በቀኙ የነበሩት ሰዎች ጥቂት ጥቂት እየሸሹ የክንድ ያህል ቦታ ተዉለት። ሸህ መኪና ያቺን ባዶ ቦታ አይተው ሄዱና በእርሷ ላይ ተቀመጡ። ሰዓት ሠሪው ከሸህ መኪና በሌላው ጎን መጥቶ «እዚህ ነፋስ አለ፣ ጥሩ ነው» እያለ ተጠጋ።

ቃሪው ምንባሩ ላይ ወጣ። ስለ እምነት መጥራት ተናገረ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ያማረ ነበር። ከዚያ የባልየውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ጠራ። ካፊር ነው አለ። ሚስቱ ለእርሱ እርም ናት አለ። የዚህን ሰው ክሕደት የሚጠራጠርም እንደርሱ ካፊር ነው አለ።

ዝም፣ ጭጭ ሆነ። ይህ ዝምታ የፍርሃት ብቻ አልነበረም። ኹጥባ፣ የዓርቡ ስብከት፣ ሲነገር መናገር ክልክል ነው፤ አጠገቡ ያለውን ሰው «ዝም በል» ያለ እንኳ የጁምዓውን ዋጋ ያጣል። አምስት መቶ ሰው በአንድ ደንብ ታስሮ ተቀምጧል። ያ ደንብ የተሠራው ምክር እንዲደመጥ ነበር፤ አሁን ግን የሰው ትዳር ሲፈርስ አፍ መዝጊያ ሆነ። ባልየው አንገቱን አልደፋም።

ሸህ መኪና በዚያች ቅጽበት የገዛ ትምህርታቸውን አስታወሱ። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማሩት፣ ማንም ተጠቅሞበት የማያውቅ አንድ አንቀጽ ነበር፦ አድማጭ ከአድማጭ ጋር አይነጋገርም፤ ጉዳይ ያለው ሰው ግን ሰባኪውን ራሱን ሊያናግር ይችላል። በቀኝ እጃቸው የሰዓት ሠሪውን ትከሻ ተደግፈው ተነሡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ በጸጥታው ውስጥ ተሰማ።

«ኢማም ሆይ፣ ለእርስዎ ጥያቄ አለኝ።»

እስከዚያ ቀን «ልጄ» እያሉ የሚጠሩትን ሰው «እርስዎ» ሲሉት ሕዝቡ ደነገጠ።

«ይቀመጡ፣ አባባ። ኹጥባ ላይ ነን።»

«ኹጥባ ላይ ያለውን ሰው መጠየቅ እንደሚፈቀድ ያውቃሉ፤ ካላወቁ እኔ አስተምራለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው። የልጄን ባል ካፊርነት የሚጠራጠር ሁሉ ካፊር ነው ብለዋል። እኔ እጠራጠራለሁ። መጠራጠር ብቻ አይደለም፤ ሙስሊም ነው እላለሁ። እንግዲህ እኔ ምንድን ነኝ?»

ቃሪው ዓይኑን ወደ ፊተኛው ረድፍ መለሰ።

«ካፊር ነኝ? ይበሉት።»

«እርስዎ ራስዎ በራስዎ ላይ ፈርደዋል።»

«ደግ። እኔ ካፊር ከሆንኩ፣ ይህን ሚህራብ የሰጠኹዎት እኔ ነኝና የካፊር ስጦታ ይዘዋል፤ ይውረዱ። እኔ ሙስሊም ከሆንኩ ደግሞ አሁን የተናገሩት ሐሰት ነው፤ እንዲያም ቢሆን ይውረዱ። ከሁለቱ የወደዱትን ይምረጡ።»

ከፊተኛው ረድፍ አንዱ ጎልማሳ «አውጡት ይህን የጃጀ ሽማግሌ!» ብሎ ጮኸ። ጮኸና የራሱን ጁምዓ አበላሸ፤ ይህን ሲያስታውስ አፉን በእጁ ያዘ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከኋላ ረድፎች አንድ የታፈነ ሳቅ ተሰማ፣ ወዲያውም ጠፋ። ሌላ የተነፈሰ አልነበረም። ሸህ መኪናን የደገፋቸው ማንም የለም፤ ደንቡ ለእርሳቸውም ወዳጆች አፍ ዘግቷል። ብቻቸውን ቆመው፣ ከዚያም ብቻቸውን ተቀመጡ።

ቃሪው ስብከቱን አሳጥሮ ወረደ። ሶላት ሊቆም ሰዎች ተነሥተው ረድፍ ሲይዙ የሁሉም ዓይን በሽማግሌው ላይ ነበር። ካፊር ካላቸው ሰው ኋላ ይሰግዳሉን? ብዙዎች ጥለው ይወጣሉ ብለው ጠበቁ። ሸህ መኪና ግን ከልጃቸው ባል ጋር ትከሻቸውን አጋጥመው፣ እጃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከቃሪው ኋላ ቆሙ።

«ሽማግሌው ከረድፉ ይውጣ» አለ ቃሪው ወደ ኋላ ሳይዞር።

«አልወጣም» አሉ ሸህ መኪና። «ከእርስዎ ኋላ እሰግዳለሁ። እኔ እርስዎን ካፊር አላልኩም፤ አልልምም። ተሳስተዋል ነው ያልኩት። የተሳሳተ ሙስሊም ኋላ ይሰገዳል።»

ሁለት ጎልማሶች መጥተው በክንዳቸው ያዟቸው። ሰዓት ሠሪው በወዲያ በኩል እጅጌያቸውን ጨመደደ። ባልየው በወዲህ በኩል ያዘ። ግንበኛው ከኋላ «እስቲ አንዴ ጎትቱት፣ እስቲ» አለ፤ ስድብ ሳይጨምር የተናገረበት ብቸኛው ቀን ሳይሆን አይቀርም። ጎታቾቹ በሰው ረድፍ ላይ የተሰፋ ሰው መንቀል እንደማይችሉ ገባቸውና ለቀቁ።

ቃሪው ጠበቀ። ሽማግሌውን አስከትሎ ቢሰግድ የተናገረው ይፈርሳል፤ ባይሰግድ የኢማምነቱ ቦታ ይፈርሳል። ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እርሱም መውጫ አጣ። ጊዜው እየሄደ ነበር፤ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ ሰዎች ከእግር ወደ እግር ይለዋወጣሉ። በመጨረሻ ቃሪው ጫማውን አንሥቶ በጎን በር ወጣ። ሠላሳ አንድ ሰዎች ተከተሉት። ካፊር ነው የተባለው ሽማግሌ በውስጥ ቀረ፤ ካፊር ነው ያለው ኢማም ወደ ውጭ ሄደ።

ሚህራቡ ባዶ ሆነ። ሕዝቡ ሸህ መኪናን ወደ ፊት ገፋቸው፤ እምቢ አሉ።

«አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛ ደግሞ ተጠይቄ አልወስድም። ሰዓት ሠሪው ያሰግድ።»

«እኔ?» አለ ሰዓት ሠሪው። «እኔ የማውቀው አጫጭሮቹን የቁርኣን ሱራዎች ነው!»

«ትርጉማቸውን ታውቃለህ?»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

«ይበቃል።»

ሰዓት ሠሪው ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው። ዘይት ያልተቀባ መኪና ሲዞር እንደሚያሰማው እያንቋቋ ሁለቱን አጫጭር ሱራዎች አነበበ። ያለቀሰ ሰው አልነበረም። ሁሉም ግን ሰገደ፤ ባልየው በሦስተኛው ረድፍ፣ በግራና በቀኙ ሰው ይዞ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። ቃሪው ከሰፈሩ ዳርቻ አንድ መጋዘን ይዞ ሰባት ወር ሰበከ፤ ከዚያም ወዴት እንደሄደ ሳይታወቅ ጠፋ። ከተከታዮቹ ሁለቱ ወደ ጦርነት ሄደው አልተመለሱም። የአንዱ እናት እስከ ዛሬ በሸህ መኪና ሱቅ ፊት ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ሸህ መኪናም አይወቅሷትም፤ ልጇን በትከሻው ይዤ ወደ ጦርነቱ ባላቀርበውም፣ ያቀረበውን ሰው ወደ ሚህራቡ በትከሻው ያቀረብኩት እኔ ነኝ ይላሉ። ከልብስ ሰፊዎቹ ግማሾቹ መኪናቸውን ወደ ሌላ ጠጋኝ ይወስዳሉ። ሽማግሌው ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ መስጊድ፣ ከመስጊድ ወደ ቤት፣ የቃሪው ወገኖች ስለዛቱባቸው ሁልጊዜ ሰው አስከትለው ብቻ ይሄዳሉ። ብቻቸውን ገበያ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል። ያቺ የለመዷት ሦስት መንገድ እንደ ግቢ አጥር ከብባቸዋለች፤ ከእርሷ ወጥተው አያውቁም።

የልጃቸው ባል የዝውውሩን ደብዳቤ አልፈረመም። ልጃቸው በጤና ጣቢያው ቀረች፤ እጇን ገፍታ የጣለችው ሴት በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ስትወልድ በሌሊት ያስጠራችው እርሷን ነበር። የጸጥታው ሹም መስጊዱን አላሸገም። ሕዝቡም ከዚያ ወዲህ አንድ ሥርዓት አወጣ፦ ወደ ሚህራቡ የሚቀርብ እንግዳ ምን ያህል ያማረ ድምፅ ቢኖረው፣ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ያነበበውን ሳይተረጉም አያሰግድም።

ሸህ መኪና ዛሬ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የኢማምነቱን ቦታ ዳግመኛ አልያዙም። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ በዚያ መስጊድ ምንባር ላይ የማንም ሰው ስም ተጠርቶ ካፊር አልተባለም፤ የአንዲት ልጅ ትዳርም አልፈረሰም። ሸህ መኪና የሠሩት ይህን ነው።